ቀለበቱን ለድኻ የሰጠው ንጉሥ፤ የቅዱስ ኤድዋርድ ታሪክና ሥዕሎቹ

ሠዓሊ ንጉሥን ሲሥል ዘውዱንና በትረ መንግሥቱን፥ ዙፋኑንና ሰይፉን አጕልቶ ይሥላል፤ ንጉሥ የሚታወቀው በነዚህ ነውና። የእንግሊዝ ንጉሥ የነበረው ቅዱስ ኤድዋርድ ግን ብዙ መቶ ዓመት ሲሣል የታወቀበት ምልክት አንዲት ትንሽ ቀለበት ናት፤ እርስዋም ለድኻ የሰጣት ናት። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማወቅ አስቀድሞ የኑሮውን ታሪክ፥ ቀጥሎም በየዘመኑ የተሣለውን ሥዕሉን መመልከት ይገባል። እዚህ የተጻፈው ዓመተ ምሕረትና የወር ቀን እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኤድዋርድ በ1003 ዓ. ም. ገደማ በኦክስፎርድ አቅራቢያ ኢስሊፕ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የአንግሎ ሳክሶን ንጉሥ ኤተልሬድ፥ እናቱም የኖርማንዲ መስፍን ልጅ ኤማ ነበሩ። የዴንማርክ ሰዎች አገሩን ድል አድርገው ስለ ያዙ ኤድዋርድ ወደ ኖርማንዲ ተሰደደ፤ በዚያም 25 ዓመት ያህል በእንግድነት ኖረ። እናቱ ግን የባልዋን መንግሥት የወሰደውን ንጉሥ ክኑትን አገባች። ወንድሙ አልፍሬድም በ1036 ዓ. ም. ወደ አገሩ ቢሻገር ተይዞ ዓይኑ ጠፋ፤ በዚያውም ሕመም ሞተ።

ኤድዋርድ በ1042 ዓ. ም. ነገሠ፤ በሚከተለውም ዓመት በትንሣኤ በዓል በዊንቸስተር ከተማ ዘውድ ጫነ። በ1045 ዓ. ም. ኤዲትን አገባ፤ እርስዋም የኃይለኛው መስፍን የጎድዊን ልጅ ናት። ጎድዊንም አልፍሬድን አሳልፎ ሰጥቶታል ተብሎ የሚከሰስ ሰው ነበረ። በ1051 ዓ. ም. ንጉሡ ጎድዊንን ከነልጆቹ ከአገር አስወጣ፤ ምንም በደል ያልተገኘባትን ንግሥት ኤዲትንም ወደ ሴቶች ገዳም ሰደዳት። ጎድዊን ግን በማግሥቱ ዓመት በመርከብ ጦር ይዞ ስለ ተመለሰ፥ ንጉሡ ሳይወድ ታረቀው፤ ንግሥቲቱም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ልጅ ግን አልወለዱም።

ኤድዋርድ ከሁሉ አብልጦ የደከመበት ሥራ በቴምዝ ወንዝ ዳር፥ በዌስትሚንስተር፥ በቅዱስ ጴጥሮስ ስም ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴ ቤቱ በዲሴምበር 28 ቀን 1065 ዓ. ም. ሲከበር ንጉሡ በደዌ ተይዞ ስለ ነበረ ለበዓሉ ሊደርስ አልቻለም። በጃንዋሪ 5 ቀን 1066 ዓ. ም. ዐረፈ፤ በማግሥቱም፥ በጥምቀት በዓል ቀን፥ በዚያው በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ወራሽ ልጅ ስላልነበረው የጎድዊን ልጅ ሃሮልድ ነገሠ፤ በኦክቶበር ወር ግን የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ሃሮልድን በሄስቲንግስ ጦርነት ድል ነሥቶ መንግሥቱን ወሰደ። እንግሊዞች ኤድዋርድን ተአማኒ ይሉታል፤ ይኸውም ደሙ ሳይፈስ በኑሮው ሃይማኖቱን የመሰከረ ማለት ነው። በ1161 ዓ. ም. የሮም ሊቀ ጳጳሳት 3ኛው አሌክሳንድሮስ ከቅዱሳን ጋራ ቈጠረው።

የኤድዋርድ የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች በሕይወቱ ሳለ የወጡት ገንዘቡና ማኅተሙ ናቸው። በፊተኞቹ ብሮች ላይ ጢም የሌለው ሆኖ ይታያል፤ በኋለኞቹ ላይ ጢሙ ወጥቶአል። በማኅተሙም ላይ በዙፋን ተቀምጦአል። እነዚህ የንጉሥነቱ ምልክቶች ናቸው እንጂ ስለ ቅድስናው የሚናገሩት የለም።

ሁለተኛው ሥዕል ከሞተ በኋላ በጥቂት ዓመት የተሠራው የባዮ ጥልፍ ነው። ይህ ጥልፍ በተልባ እግር ጨርቅ ላይ በሱፍ ክር የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ 70 ሜትር ያህል ይሆናል። በዚያ ላይ ኤድዋርድ ጢሙ የረዘመ ሽማግሌ ሆኖ በዙፋኑ ሳለ፥ ኋላም በሞት አልጋው ላይ ንግሥቲቱ በእግርጌው ሆና ስታለቅስ ይታያል። አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወሰድ የእግዚአብሔር እጅ ከደመና ወጥታ ወደ ሕንጻው ታመለክታለች፤ አንድ ሠራተኛም ጣሪያው ላይ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳየውን የዶሮ ምስል ይተክላል። ሆኖም በዚህም ጥልፍ ላይ ኤድዋርድ አክሊለ ብርሃን የለውም፤ ቀለበቱም ገና አልታየችም።

የቀለበቱ ታሪክ የታወቀው መነኵሴው ኤልሬድ በ1163 ዓ. ም. ገደማ ከጻፈው ገድል ነው። በገድሉ እንደሚነበበው፥ አንድ ድኻ ስለ ቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ ብሎ ንጉሡን ምጽዋት ለመነው። ንጉሡም በእጁ ገንዘብ ስላልነበረው ቀለበቱን ከጣቱ አውልቆ ሰጠው። ከብዙ ጊዜም በኋላ ሁለት የእንግሊዝ መንገደኞች ቅድስት አገርን ሊሳለሙ ሄደው መንገድ ጠፋባቸው፤ አንድ ሽማግሌም ተቀብሎ አሳደራቸውና ዮሐንስ ወንጌላዊ መሆኑን ገለጠላቸው። ቀለበቱንም ለንጉሡ እንዲመልሱለትና ከስድስት ወር በኋላ በገነት እንደሚገናኙ እንዲነግሩት ላካቸው። ከዚህ በኋላ ሠዓሊዎች ኤድዋርድን ብዙ ጊዜ ከቀለበቱ ጋራ ሣሉት።

ይህን ሥዕል ከሁሉ ይልቅ ያስፋፋው በ1216 ዓ. ም. የ9 ዓመት ልጅ ሳለ የነገሠው 3ኛው ሄንሪ ነው። ሄንሪ ኤድዋርድን ጠባቂ ቅዱስ አድርጎ ያዘው፤ የበኵር ልጁንም ኤድዋርድ ብሎ ሰየመው። በዌስትሚንስተር ቤተ መንግሥት፥ ከአልጋው ራስጌ፥ የኤድዋርድን ንግሥ በግድግዳው ላይ አሣለ። ለሚስቱ ለንግሥት ኤሌኖርም የኤድዋርድ ገድል በፈረንሳይኛ ግጥም ተጻፈላት፤ ከዚህም የተቀዳውና ከ60 የሚበልጥ ሥዕል ያለበት ብራና በካምብሪጅ ይገኛል። ከገድሉ ታሪኮች አንዱ ሌባ ከንጉሡ ሣጥን ገንዘብ ሲሰርቅ ንጉሡ ተኝቶ እያየ ዝም እንዳለውና የግምጃ ቤቱ ሹም ሳይደርስበት እንዲያመልጥ እንዳስጠነቀቀው የሚናገረው ነው።

ነገር ግን ሄንሪ ቅዱሱን እያከበረ ሳለ ቅዱሱ የደከመበትን ቤት አፈረሰው። በ1245 ዓ. ም. የኤድዋርድን ቤተ ክርስቲያን አስነሥቶ የሚበልጥ ሕንጻ ይሠራ ጀመር፤ ለመቃብሩም ወርቅና ዕንቍ አዘጋጀ። ዕዳ ሲበዛበት ደግሞ በ1267 ዓ. ም. ያንን ወርቅና ዕንቍ መያዣ አድርጎ አስያዘው፤ ኋላም ዋጅቶ መለሰው። በኦክቶበር 13 ቀን 1269 ዓ. ም. የቅዱሱን አስከሬን ከልጆቹ ጋራ በትከሻው ተሸክሞ ወደ አዲሱ ስፍራ አፈለሰው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ የነገሠው 2ኛው ሪቻርድም እንዲሁ በኤድዋርድ ተማፀነ። ከ1395 እስከ 1399 ዓ. ም. ባለው ዘመን እንደ መጽሐፍ በሚከፈትና በሚከደን በሁለት የእንጨት ገበታ ላይ ሥዕል ተሠራለት። ሪቻርድ በእመቤታችን ፊት ተንበርክኮ ሳለ ከኋላው ዮሐንስ መጥምቅ፥ ቅዱስ ኤድዋርድና በ869 ዓ. ም. በዴንማርክ ሰዎች የተገደለው ንጉሥ ቅዱስ ኤድመንድ ቆመዋል። ኤድዋርድ ቀለበቱን በጣቱ ይዞ ያሳያል። የሪቻርድ እጆች ግን ባዶ ናቸው፤ ሊቀበልም ተዘርግተዋል። በ1399 ዓ. ም. ከመንግሥቱ ተሻረ።

በ15ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ከመቃብሩ አጠገብ ባለው የድንጋይ ግድግዳ ላይ 14 ታሪኮች ተቀረጹ። በነርሱም ውስጥ ንጉሡ ከሕዝቡ በተሰበሰበው የግብር ገንዘብ ላይ ሰይጣን ሲዘል አይቶ ግብሩን ማስቀረቱና በማዕድ ሳለ ሰባቱ የኤፌሶን ደቂቅ በእንቅልፋቸው ጐናቸውን ሲያዞሩ በራእይ ማየቱ ይገኛሉ። የሰባቱ ደቂቅ ታሪክ በእኛም ስንክሳር የታወቀ ነው።

በ1540 ዓ. ም. ንጉሥ 8ኛው ሄንሪ ገዳሙን ሲዘጋ የመቃብሩ ወርቅ ተገፈፈ። በቤተ መንግሥቱ የነበረውም ሥዕል በ1834 ዓ. ም. በእሳት ጠፋ፤ ዛሬ የሚታወቀው ቀድሞ በተነሣው ግልባጭ ነው። ኤድዋርድ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን መልክም በጥልፉ ላይ ቀርቶአል።

እንግዲህ የኤድዋርድ ሥዕሎች ሁሉን አልተናገሩም። ያለ በደልዋ የተሰደደችው የኤዲት ኀዘን በቅዱሱ ሥዕሎች ላይ አይታይም። ቅዱሱም ሰው ነበረና ታሪኩን ከሥዕሉ ጋራ አብሮ ማንበብ ይጠቅማል። ነገር ግን ብሩ፥ ማኅተሙና ዙፋኑ የሌላ ሆነዋል፤ ሕንጻውን የሚወደው ሰው አፍርሶታል፤ ወርቁን ሌሎች ወስደውታል። ከንብረቱ ሁሉ በሰው ልብ የቀረችለት ከእጁ አውጥቶ የሰጣት ቀለበት ናት። ቤተ ክርስቲያን የሚሠራና የሚያስጌጥ ምእመን ሁሉ ይህን ያስብ፤ በደጁ የቆመውንም ድኻ አይለፈው።