ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፤ መጻሕፍትን ቆጥረው ለሕዝብ ያሳወቁ ደራሲ

በመጽሐፍ አውደ ርእይ ላይ የሚሳተፍ አሳታሚ ከመጻሕፍቱ ጋር የኅትመቶቹን ዝርዝር ይዞ ይቀርባል። ገዢውም ሆነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ስሙ ያልተመዘገበ መጽሐፍ ፈላጊ አያገኝምና። በአገራችን መጻሕፍትን ዘርዝሮ የማሳወቁን ሥራ ቀድመው ከሠሩት ሰዎች መካከል ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መባቻ በሸዋ መርሐ ቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን ተከታትለው ወደ እንጦጦ ራጉኤል በመምጣት በዚያው ተማሩ፤ አገለገሉም። በዕውቀታቸውና በብዕራቸው ታውቀው ወደ ቤተ መንግሥት ቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1911 የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የተመራው የኢትዮጵያ ልዑክ አባል ሆነው ለንደን ደረሱ። የባቡር ሐዲዱ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ አበባ አልገባም ነበር።

ከዚህ ጉዞ በኋላ፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። መጻሕፍቱ በየገዳሙና በየደብሩ ዕቃ ቤት ተቀምጠው በአብዛኛው ከጠባቂዎቻቸው በስተቀር የሚያውቃቸው በሌለበት ዘመን ስማቸውን አሰባስቦ በአደባባይ ማውጣት ቀላል ሥራ አልነበረም። ሥራውንም አንድ ጊዜ ሠርተው አልተውትም፤ በ1920 ዓ.ም. አስፍተው እንደገና አሳትመውታል። ልብ ወለዶቻቸው በትምህርት ቤት ሲነሡ ይህ ዝርዝር ብዙም አይወሳም፤ ለመጽሐፍ ዓለም ያበረከተው ግን ከእነርሱ የሚያንስ አይደለም። ዛሬ በአዳማ፣ በቢሾፍቱ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ የሚኖር ደራሲ ለመጽሐፉ ዓለም አቀፍ መደበኛ የመጽሐፍ ቁጥር ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ሲያወጣ መጽሐፉ የሚገባበት መዝገብ የዚያው ሐሳብ ተከታይ ነው።

በ1909 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ በአዳማና በሞጆ አልፎ አዲስ አበባ ገባ። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ወረቀትና የማተሚያ መሣሪያ በግመልና በበቅሎ ጀርባ መጫኑ እየቀረ በሐዲድ መጓጓዝ ጀመረ። ብላቴን ጌታ ኅሩይም በዚሁ መስመር በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ተከትለው ወደ ኢየሩሳሌምና አውሮጳ ተጉዘዋል። በመንግሥት ሥራ የአዲስ አበባ ከንቲባ፣ ቆይቶም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ይህ ሁሉ ሹመት ከማሳተም አላገዳቸውም። ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቁመው ደራሲም አታሚም አሳታሚም ሆኑ። በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን እና የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ የያዘውን «የሕይወት ታሪክ»ን፣ በ1921 ዓ.ም. «ዋዜማ»ን፣ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም»ን ለአንባቢ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1931 በአምባሳደርነት ወደ ጃፓን ሄደው ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል ርእስ አሳትመዋል።

ረጅም ጊዜ የደከሙበት የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ግን በማተሚያ ቤት እንዳለ ጦርነቱ ደረሰበት። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ሥራው ተቋረጠ፤ ደራሲውም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ወደ ስደት ሄደው ነበር። በአገር ቤት የቀሩት ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በጠላት እጅ ተገደሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በተጠለሉበት ቤት፣ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። ታሪካቸውም ታትሞ ሲወጣ አላዩም። በዚያው በባዝ የተቀበረው ዐፅማቸው ከነጻነት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል። ሌላው ልጃቸው ሲራክ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ወደ አማርኛ መልሰዋል።

በሕይወት ሳሉ ለመጽሐፍ የሚሰጥ አገራዊ ሽልማት ገና አልተመሠረተም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ሽልማት ለከበደ ሚካኤል የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1964፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ካረፉ ከ26 ዓመት በኋላ ነው።