ኢብን ሲና፦ የጠፉት ማስታወሻዎችና የተቆረጠው ጅማት

ስለ ኢብን ሲና ያልሰማ ሙስሊም ጥቂት ነው። በማስተማር ላይ በነበርንባቸው ዓመታት እኛም ስሙን ለተማሪዎቻችን በኩራት እንጠራ ነበር፤ ይህን ጻፈ፣ ያንን አወቀ፣ አውሮፓ ከእርሱ ተማረች እያልን። ተማሪዎቹም ስሙን ሸምድደው ፈተናቸውን ያልፉ ነበር። ሰውየው እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ አንድን ሕክምና እውነት ነው ለማለት ምን ይጠይቅ እንደነበር ግን አላስተማርናቸውም። ዛሬ ያንን ጉድለት በመጠኑ ለመሙላት እንሞክራለን።

አቡ ዐሊ አል-ሑሰይን ኢብን ዐብዲላህ ኢብን ሲና በ370 ዓመተ ሂጅራ (980 እ.ኤ.አ.) ከቡኻራ አቅራቢያ በምትገኝ አፍሸና በተባለች መንደር ተወለደ። አካባቢው ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ይገኛል። አባቱ ከበልኽ የመጣ፣ በሳማኒዶች መንግሥት ሥር የሚሠራ ሹም ነበር። ቤተሰቡ ወደ ቡኻራ ከተዛወረ በኋላ ሕፃኑ አሥር ዓመት ሲሞላው ቁርኣንን አጠናቀቀ። የሕንድ የሒሳብ ስልትን ከአንድ አትክልት ሻጭ ተማረ፤ ፊቅህን ደግሞ ከኢስማዒል አዝ-ዛሂድ ቀሰመ። በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ወደ ሕክምና ገባ። ከመጽሐፉ ጎን ለጎን በሽተኞችን ማየት ሲጀምር፣ በገጽ ላይ የማይገኝ ብዙ ነገር ከታማሚው አልጋ አጠገብ እንደሚገኝ አስተዋለ።

አንድ ጥያቄ አልፈታ ሲለው ወደ መስጂድ ሄዶ ይሰግድና ዱዓ ያደርግ እንደነበር ስለ ራሱ ተናግሯል። የአርስጣጣሊስን ሜታፊዚክስ አርባ ጊዜ አንብቦ ሳይገባው ቀርቶ ተስፋ ቆርጦ ነበር። በኋላ በሦስት ድርሃም የገዛው የአል-ፋራቢ ትንሽ መጽሐፍ ነገሩን ሲፈታለት በማግስቱ ለድሆች ሰደቃ አወጣ።

ገና ወጣት ሳለ የቡኻራ ገዥ ኑሕ ኢብን መንሱር ታመመ። ኢብን ሲናም ከሐኪሞቹ ጋር እንዲያክም ተጠራ፤ በምላሹም የቤተ መንግሥቱን ቤተ መጻሕፍት እንዲጠቀም ተፈቀደለት። ብዙም ሳይቆይ ግን አባቱ ሞተ፤ የሳማኒዶችም መንግሥት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ኑሮው ስደት ሆነ። ወደ ጉርጋንጅ፣ ከዚያም ወደ ጁርጃን ተጓዘ። በጁርጃን አቡ ዑበይድ አል-ጁዝጃኒን አገኘ። ይህ ተማሪ እስከ መጨረሻው አብሮት ኖረ፤ ዛሬ ስለ ኢብን ሲና የምናውቀውንም አብዛኛውን ነገር ጽፎ ያቆየልን እርሱ ነው።

አል-ቃኑን ፊ ጢብ የተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሐፍ በጁርጃን ተጀመረ። አምስት ክፍሎች አሉት፤ ሁለተኛው ስለ መድኃኒቶች ነው። ኢብን ሲና በዚህ ክፍል አንድ መድኃኒት እንዴት እንደሚፈተን ሰባት መመሪያዎችን አስቀመጠ። መድኃኒቱ ከውጭ በሙቀት ወይም በብርድ ካገኘው ጊዜያዊ ጠባይ የጸዳ ይሁን። የሚፈተንበት በሽታ ነጠላ እንጂ የተደራረበ አይሁን። ተቃራኒ ጠባይ ባላቸው ሁለት በሽታዎች ላይ ይሞከር። ኃይሉ ከበሽታው ኃይል ጋር ይመጣጠን፤ ከደካማውም ይጀመር። መሥራት የጀመረበት ጊዜ ይስተዋል። ውጤቱ ሁልጊዜ ወይም በብዙ ሰዎች ላይ ይታይ፤ አለዚያ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ሙከራው በሰው ላይ ይሁን፤ በፈረስ ወይም በአንበሳ ላይ የታየው በሰው ላይ ላይደገም ይችላልና። የዛሬ ተመራማሪዎች ሕሙማንን በቡድን ከፍለው፣ ቆጥረውና አወዳድረው ይሠራሉ፤ ኢብን ሲና እዚያ አልደረሰም። ዳሩ ግን አንድ ጊዜ የተሳካን ነገር ማስረጃ ብሎ ላለመቀበል መንገዱን ጀምሮታል።

እዚህ ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ። አል-ጁዝጃኒ እንደሚነግረን ኢብን ሲና በሕክምናው ያያቸውን ብዙ ገጠመኞች በማስታወሻ ጽፎ በቃኑን ውስጥ ሊያስገባቸው አስቦ ነበር፤ መጽሐፉ ሳያልቅ ማስታወሻዎቹ ጠፉ። የተረፉልን ተማሪው ያስታወሳቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። አንድ ቀን ራሱን ሲያመው በረዶ አስፈጭቶ በጨርቅ ጠቅልሎ በራሱ ላይ እንዳደረገና እንደተሻለው አንዱ ነው።

መጽሐፉን ስናነብ የምንደነቅበት ሌላው ቦታ ስለ ጅማት የተጻፈው ነው። በአማርኛችን ጅማት የምንለው ብዙ ነገርን ይይዛል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውም ጅማት ነው፤ አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውም ጅማት ነው፤ ነርቭንም ጅማት የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የጥንት ግሪኮችም ለነርቭና ለጅማት አንድ ቃል ነበራቸው። ይህ መደባለቅ በሐኪሞች እጅ ሲገባ በሽተኛን ጎዳ። ከታላቁ ሐኪም ከጋሌን ጋር ተያይዞ ሲተላለፍ በኖረው ትምህርት ጅማት የነርቭ ባሕርይ ስላለው መርፌ ከነካው ከባድ ሕመምና መንቀጥቀጥ ያመጣል ተብሎ ይፈራ ነበር። ስለዚህ ጣቱ በስለት የተቆረጠ ገበሬ ወይም ወታደር ቆዳው ድኖ ጣቱ ሳይታጠፍ ይቀር ነበር። የተቆረጠ ጅማት በጡንቻው ተስቦ ይሸሻልና ጫፎቹን የሚያገናኛቸው ካልተገኘ በራሱ አይገጥምም።

ኢብን ሲና በቃኑን የመጀመሪያ ክፍል ነርቭን፣ ጅማትንና አጥንት የሚያስረውን ማሰሪያ ለየብቻቸው ዘረዘረ። ማሰሪያው በእንቅስቃሴና በመፋተግ ብዛት እንዳይታመም ስሜት እንደሌለውም ጻፈ። ከጋሌን አመለካከት ፈጽሞ ወጣ ማለት አይደለም፤ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውን ጅማት አሁንም ከነርቭና ከማሰሪያ የተቀላቀለ አድርጎ ይገልጸዋል። ወደ ሕክምናው ሲመጣ ግን የእጅ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች የተቆረጠ ጅማት እንዲሰፋ ከመከሩት ቀደምት ሐኪሞች መካከል ይጠቅሱታል። በጽንሰ ሐሳብ የጋሌን ተማሪ ሆኖ ሳለ ፍርሃቱን አልወረሰም።

ቃኑን በ12ኛው ክፍለ ዘመን በቶሌዶ በጄራርድ ዘክሬሞና ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስም በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ተነበበ። ጅማትን የመስፋት ፍርሃት ግን አልጠፋም። በ1752 እ.ኤ.አ. አልብረኽት ፎን ሃለር በጎቲንገን የእንስሳትን ጅማት ገልጦ እየነካካ ሕመም እንደማይሰማቸው አሳየ። ኢብን ሲና ከሞተ ከ700 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ከዚያም በኋላ በጣትና በመዳፍ መካከል ያለውን አንድ ጠባብ ክፍል ሐኪሞች እንደ ክልክል ቀጠና ቆጥረው፣ እዚያ የተቆረጠን ጅማት ወዲያው ከመስፋት ለረጅም ጊዜ ተቆጥበዋል። በ1967 እ.ኤ.አ. ክላይነርትና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የሰፏቸውን ሕሙማን ውጤት ሲያቀርቡ ነበር አስተሳሰቡ መለወጥ የጀመረው። በጽሑፍ የተያዘ የሕሙማን ውጤት የስንት ዘመን ፍርሃትን እንደሚያፈርስ ከዚህ እንማራለን። የኢብን ሲና የጠፉ ማስታወሻዎች የሚያስቆጩንም ለዚህ ነው።

ሕይወቱ ሰላም አልነበረውም። በሐመዳን ገዥውን ሸምሰ ደውላን ከሆድ ቁርጠት አክሞ ወዚር ሆነ። ወታደሮች ግን አመፁበት፤ ቤቱን ዘርፈው እንዲገደል ጠየቁ። አርባ ቀን ተደብቆ ከቆየ በኋላ ገዥው ዳግም ሲታመም ይቅርታ ተጠይቆ ተመለሰ። ቀን በመንግሥት ሥራ፣ ሌሊት ተማሪዎችን ሰብስቦ በማስተማር ያሳልፍ ነበር። ሸምሰ ደውላ ሲሞት በፈርደጃን ምሽግ አራት ወር ታሰረ፤ እዚያም ሆኖ መጻፉን አልተወም። በኋላ የሱፊ ልብስ ለብሶ ወደ ኢስፋሃን አመለጠ። በ428 ዓመተ ሂጅራ (1037 እ.ኤ.አ.) እርሱንም ያው የሆድ ቁርጠት ያዘው። ሕመሙን ቶሎ ለማባረር ራሱን ከመጠን በላይ ማከሙና መድኃኒቱን የሚያዘጋጁለት ሰዎች መጠኑን ማሳሳታቸው እንደጎዳው ተማሪው ዘግቧል። በመጨረሻ ተውበት አድርጎ ገንዘቡን ለድሆች እንደሰጠ፣ ባሮቹንም ነጻ እንዳወጣ ታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ቀብሩ በሐመዳን ነው።

በፍልስፍናው ዑለሞች ነቅፈውታል፤ ይህን መደበቅ አይገባንም። ኢማም አል-ገዛሊ በተሃፉት አል-ፈላሲፋ በሦስት የእምነት ጉዳዮች ላይ በእርሱና በመሰሎቹ ላይ ከባድ ፍርድ ሰጥቷል። ያው አል-ገዛሊ ግን ሕክምናን ፈርድ ኪፋያ ብሎ ቆጥሮ፣ ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲሮጥ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም አጥተው መቅረታቸውን በኢሕያእ ወቅሷል። በዐቂዳው የተነቀፈን ሰው ከሕክምናው መማር እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አናውቅም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ዛሬም በእስላማዊ ሕክምና ስም ዘይትና ቅጠል ይሸጥልናል፤ አንዳንዴም የኢብን ሲና ስም ይጠራል። የሰባቱን መመሪያዎች ፈተና አልፏል ወይ ብለን ግን አንጠይቅም። እከሌ ድኗል መባሉ ይበቃናል። ጣቱ በቢላ ተቆርጦ አልታጠፍ ያለውን ልጅ ወደ ወጌሻ ወስደን ስናሳሽ የሚያልፈው ጊዜ፣ ሐኪም ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ የሚሰፋበት ጊዜ ነው። ወጌሻ በእጁ ብዙ ሰው የረዳ ሊሆን ይችላል፤ የተቆረጠ ጅማት ግን በማሸት አይገጥምም።

ስለዚህ የኢብን ሲና ወራሾች ነን ካልን ውርሱ ከስሙ ጋር የመጣውን አደራም ይጨምራል። ሐኪም የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች ያያችሁትን ጻፉ፤ የተሳካውንም ያልተሳካውንም። ማስታወሻችሁንም ጠብቁ። መምህራን የሆንን ደግሞ ለልጆቻችን ስሙን ስንነግራቸው ጥያቄውንም እንንገራቸው፦ በስንት ሰው ላይ ታየ? ስንቱስ ሳይድን ቀረ?

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፤ ሕሙማኖቻችንንም ያሽርልን። አሚን።