የጀግንነት ስጦታ የተባለው መሬት ዕዳ ይዞ የመጣባቸው አርሶ አደር

የአልቪን ዮርክ ስም በአሜሪካ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስታውሱት የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ነው። ለዚህ ገጽ አንባቢ የሚጠቅመው ግን ከጦርነቱ በኋላ ያለው ታሪካቸው ነው፤ ሰውየው በዋናነት አርሶ አደር ነበሩና።

ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1887 በቴነሲ ግዛት፣ ከኬንታኪ ወሰን አጠገብ በምትገኘው ፖል ማል በተባለች ተራራማ መንደር ተወለዱ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወላጆቻቸው 11 ልጆች ነበሯቸው። አባታቸው ከእርሻው ጎን ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ቤተሰቡ ለዕለት ጉርሱ ያርሳል፤ የጎደለውን በአደን ይሞላል። አልቪን ትምህርት ቤት የቆዩት በድምሩ አንድ ዓመት አይሞላም፤ ኢላማ መምታት ግን ከአባታቸው ጋር ጫካ ለጫካ ሲያድኑ ተማሩ። በ1911 አባታቸው ሲሞቱ እናታቸውንና ታናናሾቻቸውን የመደገፉ ሸክም በእሳቸው ትከሻ ላይ ወደቀ። እርሻው ስለማይበቃ ግንድ በመቁረጥና በባቡር ሐዲድ ግንባታ በቀን ሠራተኛነት ይሠሩ ነበር። መጠጥና ጠብም ያበዙ ነበር፤ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁለቱንም ተዉ።

በ1917 ለውትድርና ሲጠሩ ሃይማኖቴ መግደል ይከለክለኛል ብለው ነፃ እንዲደረጉ ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። ሻለቃ ቡክስተን የተባሉት አዛዣቸው ግን አላስገደዷቸውም። መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው አወያዩአቸው፤ አገራቸው ሄደው እንዲያስቡበትም ፈቃድ ሰጧቸው። ዮርክ በተራራው ላይ ጸልየው ተመለሱ። ከዓመታት በኋላ ለአንድ ልጃቸው ያወጡት ስም የዚህን አዛዥ ስም ነው።

ጥቅምት 8 ቀን 1918 በፈረንሳይ አርጎን ጫካ 17 ወታደሮች ከጀርመን መስመር ጀርባ እንዲገቡ ታዘዙ። መትረየስ ተከፈተባቸውና ስድስቱ ሞቱ፤ ሦስቱ ቆሰሉ። ያኔ አሥር አለቃ የነበሩት ዮርክ የቀሩትን መምራት ጀመሩ። መትረየሶቹን በጠመንጃቸው ጸጥ አሰኙ፤ በቀኑ መጨረሻም 132 ምርኮኞች ይዘው ተመለሱ። የአገራቸውን ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳሊያም አገኙ።

በ1919 ኒው ዮርክ ሲደርሱ ስማቸውን ለማስታወቂያና ለፊልም እንዲሸጡ ብዙ ገንዘብ ቀረበላቸው። አልቀበልም ብለው ወደ መንደራቸው ሄዱ፤ በሰኔም የጎረቤታቸውን ልጅ ግሬሲ ዊሊያምስን አገቡ።

የናሽቪል ከተማ ሮታሪ ክበብ ለጀግናው እርሻ እንስጥ ብሎ የተነሳው በዚህ ጊዜ ነበር። ቦታው ወደ 400 ኤከር፣ በእኛ ልኬት 160 ሄክታር ገደማ የሚሆን የወንዝ ዳር ለም መሬት ነው። ሆኖም መሬቱ የተገዛው በየጊዜው በሚከፈል ዕዳ ሲሆን፣ የተሰበሰበው መዋጮም አልሸፈነውም። የእርሻ ዕቃ፣ ከብትና ዘርም አብሮ አልተሟላም። ዮርክ እነዚህን ለማሟላት ሲበደሩ የእርሻ ምርት ዋጋ ከጦርነቱ በኋላ ወደቀ፤ ዕዳው የሳቸው ሆነ። ሁኔታው በጋዜጦች ከወጣ በኋላ ሕዝብ አዋጥቶ ከመሬቱ ዕዳ አወጣቸው። መሬት አስረክቦ በሬና ዘር መርሳት ለማንም የገጠር ባለሙያ እንግዳ ነገር አይደለምና እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል።

ዮርክ እርሻቸው ገና ሳይደላደል ሐሳባቸው ወደ ትምህርት ዞረ። ከተራራው የወጡ ወጣቶች ፈረንሳይ ደርሰው ደብዳቤ መጻፍ ሲቸግራቸው አይተዋል፤ እሳቸውም ከነዚያው አንዱ ነበሩ። ስለ ጦርነቱ እንዲናገሩ በየከተማው ሲጋበዙ የሚያነሱት ስለ ትምህርት ቤቱ ነበር፤ ገንዘቡንም ያሰባሰቡት እንዲሁ ነው። በ1926 በጄምስታውን ከተማ የተቋቋመው ተቋም ከቀለም ትምህርት ጋር ግብርና የሚያስተምር ሆነ። ትምህርት ቤቱ የት ይሠራ፣ ማን ያስተዳድረው በሚለው ከአካባቢው ሹማምንት ጋር ብዙ ተጋጭተዋል። ተማሪዎቹ ከሩቅ ኮረብታ ስለሚመጡ ለአውቶቡሱ ወጪ የራሳቸውን እርሻ በመያዣነት አስይዘው ተበደሩ። በ1937 ግዛቱ ትምህርት ቤቱን ተረከበ።

ቤታቸው በልጆች የተሞላ ነበር፤ ዉድሮ ዊልሰንና ቶማስ ጀፈርሰንን የመሳሰሉ የፕሬዚዳንቶች ስም አውጥተውላቸዋል። ከብት ያረባሉ፣ እህል ያመርታሉ፤ በኋላም በወንዙ ዳር የእህል ወፍጮ ገዙ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ደግሞ ሥራ አጥ ወጣቶች በተሰማሩበት የግድብና የመናፈሻ ግንባታ ላይ በኃላፊነት ሠርተዋል።

ለዓመታት እምቢ ያሉትን ፊልም በመጨረሻ የፈቀዱት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ለመሥራት ነው። በ1941 የወጣው ፊልም ብዙ ገቢ አስገኘ፤ ዮርክም ድርሻቸውን በብዛት ለትምህርት ቤቱ አዋሉት። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ግን ያልተከፈለ ግብር አለብህ አለ። ጠቡ ለዓመታት ተጎትቶ የሚጠየቁት ገንዘብ ከነወለዱ ከ170 ሺህ ዶላር በላይ ደረሰ። በ1954 ስትሮክ መቷቸው የአልጋ ቁራኛ ሲሆኑም ክሱ አልተቋረጠም። በ1961 መሥሪያ ቤቱ በ25 ሺህ ዶላር ተስማማ፤ እሱንም የከፈለው የሕዝብ መዋጮ ነው።

ዮርክ መስከረም 2 ቀን 1964 አርፈው በመንደራቸው ተቀበሩ። ተቋሙ ዛሬም በቴነሲ ግዛት መንግሥት ሥር የአካባቢውን ልጆች ያስተምራል፤ በስሙ ውስጥም ግብርና የሚለው ቃል አለ።