የሠዓልያንን ቀፎ ያቆመ የአትክልተኛ ልጅ

በፓሪስ ከተማ በደቡብ በኩል፣ በዐሥራ አምስተኛው ወረዳ፣ የዳንዚግ መተላለፊያ በሚባል ጠባብ መንገድ ዳር፣ ክብ መሳይና ባለሦስት ደርብ የሆነ አንድ እንግዳ ቤት ቆሞ ይታያል። ፈረንሳዮች ላ ሩሽ ይሉታል፤ ወደ ቋንቋችን ስንመልሰው የንብ ቀፎ ማለት ነው። ሻጋልን፣ ሱቲንን፣ ሌዤን ሥነ ጥበብ የሚማር ወጣት ሁሉ ያውቃቸዋል። እነዚህን ሰዎች በድኽነታቸው ዘመን ማን አስጠለላቸው ብለን ብንጠይቀው ግን ምናልባት ዝም ይል ይሆናል። አስጠጊያቸው በዘመኑ ስሙ የገነነ ሐውልት ቀራፂ፣ አልፍሬድ ቡሼ ነበረ። ዛሬ የእርሱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ እንወዳለን፤ ዓመተ ምሕረቱንም የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቡሼ በ1850 ዓ.ም. ከፓሪስ ወደ ምሥራቅ ራቅ ብላ በሴን ወንዝ ዳር ከምትገኘው ከኖዣን ከተማ አጠገብ፣ ቡዊ ሱር ኦርቫን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ በሰው እርሻ ላይ እየሠራ የሚኖር ሠራተኛ ነበረ። በኋላ ግን በኖዣን በሚኖረው በቀራፂው በማሪዩስ ራሚ ቤት አትክልተኛ ሆኖ ገባ። የልጁ ዕድል የተከፈተው በዚህች ምክንያት ነው። አባት አበባ ሲኰተኵት ልጅ ከጌታው የሥራ ክፍል አካባቢ አይጠፋም ነበርና፣ ራሚ የልጁን እጅ አይቶ መምራት ጀመረ። የዚያው የኖዣን ተወላጅ የሆነው ዝነኛው ቀራፂ ፖል ዲቧም ረዳውና፣ ቡሼ በፓሪስ ከፍተኛው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመማር በቃ። ራሚ አትክልተኛ ባያስፈልገው ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር ይሆን እንደ ነበረ እንጠራጠራለን።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራው ታሪክ የዕድለኛ ሰው ታሪክ ነው። በ1881 ዓ.ም. የፓሪስን ዓመታዊ የሥዕልና የቅርፅ ትርዒት ትልቁን ሽልማት አገኘ። በ1886 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ሯጮች ለድል ሲሽቀዳደሙ የሚያሳየውን ሥራውን ሠርቶ ስሙ ተጠራ። ይህ የነሐስ ሐውልት በሉክሳምቡርግ የአትክልት ቦታ ቆሞ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ሳለች ግን ለነሐሱ ሲባል ቀለጠ።

የቡሼን ጠባይ ለማወቅ ግን ከሽልማቶቹ ይልቅ ወደ ኖዣን መመለስ ይሻላል። በ1876 ዓ.ም. ክሎዴል የተባለ የመንግሥት ሹም ቤተ ሰቡን ይዞ ወደዚያች ከተማ መጣ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል የሆናት ካሚይ የምትባል ልጅ ነበረችው፤ ይህችም ልጅ ጭቃ እያቦካች የሰው መልክ ትሠራ ነበር። ቡሼ ሥራዋን ባየ ጊዜ፣ ራሚ በእርሱ ላይ ያየውን ነገር በእርስዋ ላይ አየ። በዚያን ዘመን የፓሪስ ከፍተኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሴት አይቀበልም ነበርና፣ ቤተ ሰቡ ወደ ፓሪስ ከመጣ በኋላ ካሚይ ከጓደኞችዋ ጋራ በተከራየችው ክፍል እየሄደ ያስተምራት ጀመረ። በ1882 ዓ.ም. ወደ ፍሎረንስ ሲሄድ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ብሎ ለወዳጁ ለኦጉስት ሮዳን ዐደራ ሰጣት። ከዚያ የመጣውን ብዙዎች ያውቁታል። ካሚይ ክሎዴል ታላቅ ቀራፂ ሆነች፤ ከሮዳንም ጋራ ፍቅርና ጠብ ሆነ፤ በ1913 ዓ.ም. ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባችና ሠላሳ ዓመት ከቈየች በኋላ በ1943 ዓ.ም. እዚያው ሞተች። ቡሼ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ እኛም በእርሱ አንፈርድም።

አሁን ወደ ቀፎው እንመለስ። በ1900 ዓ.ም. በፓሪስ የተደረገው ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሲዮን ሲያበቃ፣ አዳራሾቹ እየፈረሱ ይሸጡ ነበር። ቡሼ በቮዢራር የከብት ማረጃ ቄራ አጠገብ፣ ማንም የማይፈልገው አምስት ሺሕ ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ነበረው። ከፈረሱት አዳራሾች መካከል የዢሮንድ አውራጃ የወይን ጠጅ የታየበትን ገዛ፤ የብረቱ አጥንት ከጉስታቭ ኤፌል፣ ማለት የታወቀውን የፓሪስ የብረት ግንብ ካሠራው መሐንዲስ፣ የመጣ ነበረ። የሴቶች አዳራሽ ከተባለውም ትልቁን የብረት በር አመጣ። ይህን ሁሉ በራሱ ገንዘብ አስተክሎ ለድኻ ሠዓልያንና ቀራፅያን መኖሪያና መሥሪያ እንዲሆን በ1902 ዓ.ም. ከፈተው።

ክፍሎቹ በመካከሉ ባለው ደረጃ ዙሪያ እንደ ተቈረሰ ድፎ ዳቦ፣ ከበሩ ጠበው ወደ መስኮቱ የሚሰፉ ናቸው። ነዋሪዎቹ እየቀለዱ የሬሳ ሣጥን ይሏቸው ነበር። ብርዱም፣ ትኋኑም፣ ከቄራው የሚመጣው ሽታም ቀላል አልነበረም። ቡሼ ግን መኝታ ብቻ በመስጠት አላበቃም፤ ነዋሪዎቹ ሥራቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበት አዳራሽ ሠራ፣ ሦስት መቶ ሰው የሚይዝ ቴአትር ቤትም ጨመረ። ኋላ ዝነኛ ተዋናይ የሆነው ሉዊ ዡቬ በዚያ መድረክ ላይ ወጥቶአል። የቤቱ ኪራይ እጅግ ጥቂት ነበረ፤ ያልከፈለውንም ቡሼ አውጡልኝ አይልም ነበር። ባለቤቱ እንደዚህ ሲሆን ተከራይ እንዴት እንደሚበዛ አንባቢያችን ይገምታል።

ከተከራዮቹ ብዙዎቹ ከሩስያ ግዛት የመጡ ወጣቶች ነበሩ። ሻጋል ከቪቴብስክ፣ አርኪፔንኮ ከኪየቭ፣ ሱቲን ከሚንስክ አጠገብ ካለች መንደር መጡ፤ ብዙዎቹ ፈረንሳይኛ በቅጡ አያውቁም ነበር። ሻጋል ሌሊት ሲሥል ከቄራው የከብቶቹ ጩኸት ይሰማው ነበር፤ በሥዕሎቹ ውስጥ የምናያቸው ላሞች የትውልድ አገሩ ናቸው ቢባልም፣ የቮዢራርም ድምፅ ያለባቸው ይመስለናል።

እንግዲህ ቡሼ ያስጠጋቸው ሰዎች የሚሠሩት ነገር የእርሱን ጥበብ የሚያፈርስ ነበር። እርሱ የሰውን ገላ በዕብነ በረድ ላይ አለስልሶ፣ ጅማቱንና ሥጋውን እንደ ተፈጥሮው የሚያሳይ የቀድሞው ትምህርት ተከታይ ነው። በቀፎው ውስጥ ግን ሌዤ ሰውን እንደ ቧንቧና እንደ በርሜል ይሥላል፣ አርኪፔንኮ ገላውን መካከሉን ይፈለፍለዋል። እነዚህ ወጣቶች ሲገኑ የቡሼ ስም ከአፍ እየጠፋ ሄደ። እርሱ ግን እንደ እኔ ቅረፁ ብሎ አላስገደዳቸውም፤ በሩንም አልዘጋባቸውም። በ1934 ዓ.ም. በኤክስ ሌ ባን ከተማ ሲሞት የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነበረ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ቦታው ተሸጦ ቀፎው ሊፈርስ ሲል፣ ሻጋል የመራው ኮሚቴ ተነሥቶ ተከራከረ፤ ለጋሦችም ገንዘብ አውጥተው ገዙት። በ1972 ዓ.ም. ሕንፃው በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ። ቄራው ተዘግቶ መናፈሻ ሆኖአል፤ በቀፎው ውስጥ ግን ሠዓልያን እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

ቡሼ ቀፎውን በከፈተበት በዚያው በ1902 ዓ.ም. ለኖዣንም አንድ ቤተ መዘክር እንዲቋቋም አድርጎ፣ የራሱንና የአስተማሪዎቹን ሥራ ሰጥቶአል። ቤተ መዘክሩ ለብዙ ዘመን በዲቧና በቡሼ ስም ሲጠራ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. የክሎዴል ቤተ ሰብ ይኖርበት የነበረው ቤት ተጨምሮበት እንደ ገና ሲከፈት፣ የካሚይ ክሎዴል ቤተ መዘክር ተባለ። ዛሬ እዚያ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የቡሼንና የአስተማሪዎቹን የቀድሞ ሥራ ያያል፤ ወደ ውስጥ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ጭቃ ታቦካ የነበረችው ልጅ የሠራቻቸውን አርባ ያህል ቅርፆች ያገኛል።