የፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል የተማሪነት ዘመን

ዛሬ ከእኛ ልጆች አንዱ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እናቱ በቀን ሁለቴ ትደውላለች፤ ለሰንበት ቤት ሄዶ እሑድ ዳቦውን ተሸክሞ ይመለሳል። ፕሮፌሰር ታምራት አማኑኤል ግን ለትምህርት ወጥተው አገራቸው የተመለሱት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ስማቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ የተማሪነት ዘመናቸውን ግን የሚያወራው ጥቂት ሰው ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

የተወለዱት በ1888 በጎንደር አገር ነው። በልጅነታቸው አስመራ ሄደው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ይህን መናገር የሚከብደው ሰው አለ፤ ግን በዚያ ዘመን የውጭ ቋንቋ መማር ለሚፈልግ ልጅ ሌላ በር የት ነበር? ዣክ ፋይትሎቪች ያገኟቸው እዚያ ነው። ፋይትሎቪችም ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ፖላንድ ተወልደው ፓሪስ የተማሩ። በ1905 ታምራትንና ጌቴ ኤርምያስ የሚባሉ ሌላ ወጣት ይዘው ወደ አውሮፓ ተመለሱ። ታምራት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዚህ ዕድሜ „እሱ" ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ እናቴ ግን አይሆንም አለች።

ፓሪስ የገቡት አልያንስ የሚባለው የአይሁድ ማኅበር መምህራን የሚያሠለጥንበት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ከሞሮኮና ከቱርክ የመጡ ልጆች ስለነበሩ እንግዳው እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የቤተ እስራኤል ልጅ ኦሪትን የሚያውቀው በግዕዝ ነው። ዕብራይስጥ አያውቅም፣ ታልሙድ የሚባል አልሰማም፣ ሐኑካ የሚባል በዓል በአገሩ የለም። ቄሶቻችን ያቆዩትን ሰግድ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ የሚያውቀው የለም። እናም ታምራት የራሳቸው የተባለውን ሃይማኖት እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው። ለእኔ ይሄ ከፈረንሳይኛው የባሰ ይመስለኛል። ቋንቋ የማታውቅ ከሆነ ትማራለህ፤ አይሁድነትህን ከሌላ ሰው ተማር ስትባል ግን እናት አባትህ ያስተማሩህ ምን ሊሆን ነው?

ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው ጣልያን አገር ፍሎረንስ ወደሚገኘው የራቢዎች ኮሌጅ ተዛወሩ። አድዋ ላይ ጣልያን ድል ከተመታ ገና አሥር ዓመት ቢያልፈው ነው! አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት በዚያን ጊዜ ጣልያን ከተማ ውስጥ ሲሄድ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያየው መገመት አያስቸግርም። ሆኖም የተረጋጉት እዚያ ነው። ኮሌጁን የሚመሩት ራቢ ሽሙኤል ማርጉሊስ ራሳቸው ከጋሊሲያ የመጡ ሰው ነበሩ፤ ለቤተ እስራኤል የሚረዳውን ኮሚቴም ይመሩ ነበር። ታምራት እዚያው ተማሩ፣ ጎለመሱ፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም እዚያው አገኛቸው። ጣልያንኛ የራሳቸው ቋንቋ ሆነ። ደብዳቤዎቻቸው በ2000 ጣልያን አገር በመጽሐፍ ታትመዋል።

በ1920 የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ሆነው ተመለሱ። በ1923 አዲስ አበባ ውስጥ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈት ኃላፊው እሳቸው ሆኑ። ከገጠር የመጡ ልጆች እዚያው እያደሩ ይማሩ ነበር። ሌሎች ልጆች ደግሞ በፋይትሎቪች በኩል ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ተላኩ። አቶ ዮና ቦጋለ ከእነሱ አንዱ ናቸው፤ ተመልሰው በዚያው ትምህርት ቤት አስተማሩ። ሁሉም ግን እንዲህ አልቀናቸውም፤ በወጣትነታቸው በበሽታ የተቀጩ አሉ። ታምራት ከፋይትሎቪች ጋር ሁልጊዜ አልተስማሙም። ልጁ ከቄሶቹና ከቤቱ ሥርዓት ምን ያህል ይራቅ የሚለው ነገር ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። ፓሪስ ላይ ራሳቸው ያዩት ነው።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ቋንቋውን እንደ አፍ መፍቻቸው የሚናገሩት ሰው ከጣልያን ሸሽተው ተሰደዱ። ከነፃነት በኋላ ለኢትዮጵያ መንግሥት ሠሩ፤ በወጣትነታቸው የመጡባትን ፓሪስንም እንደገና አዩዋት፤ በዚህ ጊዜ ግን የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን የባህል ጉዳይ ኃላፊ ሆነው። በመጨረሻ ኢየሩሳሌም ገቡ፤ በ1963 እዚያው ዐረፉ።

ቤተ እስራኤል በመመለስ ሕግ ወደ አገር እንዲገባ የተፈቀደለት በ1975 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ቀደሙት።