ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፤ በመከራ ቀን የመጡ ወዳጅ

ወዳጅ የሚታወቀው በመከራ ቀን ነው ይባላል። አገራችን በ1928 ዓ.ም. በፋሽስት ኢጣሊያ ስትወረር የአየር ኃይልዋ ገና ጨቅላ ነበር፤ ሊረዳት የተነሣ ወዳጅም እምብዛም አልነበረም። በዚያ ዘመን ውቅያኖስ ተሻግረው በመምጣት የጥቂቶቹን አይሮፕላኖቻችንን አዛዥነት የተቀበሉትን ጥቁር አሜሪካዊ፣ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን፣ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስታውስ ወደድን።

ጆን ሮቢንሰን በ1890ዎቹ ዓ.ም. በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ተወለዱ፤ ያደጉት ግን በሚሲሲፒ በገልፍፖርት ከተማ ነው። በታወቀው የጥቁሮች ትምህርት ቤት በተስኪጊ የመኪና ጥገና ሙያ ተምረው ወደ ቺካጎ ሄዱ። ምኞታቸው ግን በመሬት ላይ ከሚሄደው ሳይሆን በሰማይ ላይ ከሚበረው ነበር።

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ለጥቁር ሰው የበረራ ትምህርት የሚሰጥ ማግኘት እጅግ ከባድ ነበር። በቺካጎ የነበረው የከርቲስ ራይት የበረራ ትምህርት ቤትም በቀለማቸው ምክንያት በሩን ዘጋባቸው። ሮቢንሰን ግን በተማሪነት ያልገቡበትን ክፍል በጽዳት ሠራተኛነት ገቡበት፤ መጥረጊያ ይዘው መምህሩ የሚናገረውን ያዳምጡ ነበር። በመጨረሻም ከጓደኛቸው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር በተማሪነት ተቀበሏቸው፤ ከተመረቁም በኋላ በዚያው ትምህርት ቤት ሌሎች ጥቁሮችን የሚያስተምሩ ሆኑ። ሁለቱ ጓደኛሞች የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቁመው በቺካጎ አጠገብ የራሳቸውን የአይሮፕላን ማረፊያ እስከ ማሰናዳት ደረሱ።

በአገራችን የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ነበር። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊም ከመጀመሪያዎቹ አብራሪዎቻችን መካከል ነበሩ። የጦርነቱ ደመና ሲያንዣብብ፣ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን የሮቢንሰንን ዝና ሰምተው ኢትዮጵያን እንዲያገለግሉ ጠየቁአቸው። ሮቢንሰንም ጥሪውን ተቀብለው በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ የኮሎኔልነት ማዕርግና የአየር ኃይሉ አዛዥነት ተሰጣቸው።

ምን ዓይነት ኃይል አዘዙ? አይሮፕላኖቹ ከአንድ ደርዘን እምብዛም የማይበልጡ፣ አብዛኞቹም ያረጁና መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ። ጠላት በበኩሉ በመቶ የሚቆጠሩ የጦር አይሮፕላኖችን አሰልፎ ነበር። ስለዚህ ሥራቸው ውጊያ ሳይሆን የንጉሠ ነገሥቱን መልእክት፣ መድኃኒትንና ሹማምንትን ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር ማድረስ ሆነ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ ሮቢንሰን በዚያው ነበሩ። መሣሪያ በሌለው አይሮፕላን፣ ጠላት በተቈጣጠረው ሰማይ፣ በየተራራው ጥግ እየተሸሸጉ መመላለስ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። የአሜሪካ ጋዜጦችም በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ በሚያንዣብበው ታላቅ አሞራ መስለው ቡናማው ኮንዶር አሏቸው።

የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን ከተፈጸመ በኋላ ነገሩ ሁሉ ባበቃ ጊዜ ሮቢንሰን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በቺካጎም እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ተቀበላቸው። አስቀድሞ በ1926 ዓ.ም. በራሳቸው ተስኪጊ ድረስ በረው ትምህርት ቤቱ የበረራ ትምህርት እንዲጀምር አሳስበው ነበር። ምክራቸው በዚያው ዓመት ባይፈጸምም ከንቱ አልቀረም፤ በ1933 ዓ.ም. የተቋቋመው የጥቁር አብራሪዎች 99ኛ ስኳድሮን አብራሪዎቹን ያሠለጠነው በተስኪጊ ነው። ይህም ስኳድሮን በ1935 ዓ.ም. የመጀመሪያ ውጊያውን ያደረገው የኢጣሊያ ደሴት በሆነችው በፓንተለሪያ ላይ ነበር። የዓድዋን ድብደባ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደተሰማው አንባቢ ራሱ ይገምት።

ኢትዮጵያ ነፃነትዋን ካገኘች በኋላ ኮሎኔል ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር ተመልሰው መጡ። ይህን ጊዜ የያዙት ሥራ ከጦርነቱ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር፤ አይሮፕላን በቅርብ አይተው የማያውቁ ወጣቶችን ሞተር መፍታትንና መብረርን ማስተማር። ከዚያ በኋላ የአየር ኃይሉ ሥልጠና በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በሚመሩት ስዊድናውያን እጅ በቢሾፍቱ ተስፋፋ። ሮቢንሰንና ፎን ሮዘን አልተስማሙም፤ ሮቢንሰንም ሥራቸውን ለቀቁ፤ አገሪቱን ግን አልለቀቁም።

በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ሲያበሩት የነበረው ትንሽ አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ወደቀ። አብሯቸው የነበረው ኢጣሊያዊ መሐንዲስ ሞተ፤ እርሳቸውም በደረሰባቸው ቃጠሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐረፉ። በጦርነቱ ሰማይ ያልገደላቸው ሰው በሰላም ዘመን፣ ከቀድሞ ጠላት አገር ልጅ ጋር በአንድ አይሮፕላን ተሳፍረው ሳለ ማለፋቸው የሚያስደንቅ ነገር ነው። የተቀበሩት በጉለሌ ነው።

ስለ አየር ኃይል ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው አይሮፕላኑ ነው። ነገር ግን አይሮፕላን ያረጃል፣ ይቃጠላል፣ ይሰበራል፤ የተማረ ሰው ግን ሌላውን ያስተምራል። መጥረጊያ ይዘው በክፍሉ ጥግ ቆመው ያዳመጡት ሮቢንሰን፣ የተከለከሉትን ዕውቀት ለሁለት አገር ልጆች አካፍለው አለፉ። ጉለሌን የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ይህን ቢያስብ መልካም ነው እንላለን።