ቫይረስን ከውስጥ ያየችው ሮዛሊንድ

ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታውቁት የፎቶውን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ በ1952 በእሷ ክትትል የተነሳው የዲ ኤን ኤ ኤክስሬይ ምስል እሷ ሳታውቅ ለጄምስ ዋትሰን ታየ። በ1962 ሦስት ወንዶች ኖቤል ሲወስዱ እሷ ከሞተች 4 ዓመት ሆኗት ነበር። ያናድዳል፣ ልክ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናወራው ከፎቶው በኋላ ስለሠራችው ነው። እንደውም ለእኛ ትልቁ ሥራዋ ያ ነው።

በ1920 ለንደን ተወለደች፤ ካምብሪጅ ተማረች፤ ፓሪስ ሄዳ የኤክስሬይ ጥበብ ተካነች። በ1953 ያልተመቻትን ኪንግስ ኮሌጅ ትታ እዛው ለንደን በርክቤክ ኮሌጅ ገባች። እዚያ የያዘችው የትምባሆ ቅጠልን ዥጉርጉር የሚያደርግ ቫይረስ ነው።

ቫይረስ ብቻውን መራባት አይችልም። ታዲያ ሴል ውስጥ ሲገባ እንዴት ይባዛል? ይህ ቫይረስ ፕሮቲንና አር ኤን ኤ እንዳለው ይታወቅ ነበር፤ አር ኤን ኤው የት እንደተቀመጠ ግን አይታወቅም።

ሮዛሊንድ ከአሜሪካዊው ዶናልድ ካስፓር ጋር መረጃ አስተያይታ መልሱን አገኘች። ቫይረሱ መሃሉ ክፍት የሆነ ቱቦ ነው። ግድግዳው ከ2,000 በላይ ተመሳሳይ የፕሮቲን ቁራጮች እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተደርድረው የተሠራ ነው። አር ኤን ኤው ደግሞ ክፍቱ ቦታ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ እንደ ክር ተጠምጥሞ ተቀብሯል።

ነገሩ ገባችሁ? ፕሮቲኑ ልብስ ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው ቫይረሱ በተጫረ ቅጠል በኩል ሴሉ ውስጥ ይገባና ልብሱን ያወልቃል። የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያም እንግዳ መሆኑን ሳይለይ የአር ኤን ኤውን ትዕዛዝ አንብቦ የቫይረስ ፕሮቲን ያመርታል። አር ኤን ኤውም ይገለበጣል፤ ግልባጮቹ ልብስ ለብሰው አዲስ ቫይረስ ይሆናሉ። በ1956 የጀርመንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች አር ኤን ኤው ያለ ፕሮቲን ብቻውን ቅጠል እንደሚያሳምም አሳዩ።

በዚያው ዓመት የእንቁልጢ ካንሰር ተገኘባት። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ተመልሳ ላብራቶሪ ገባች። ጭራሽ የፖሊዮ ቫይረስን ጀመረች!

ለብራስልስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የቫይረሱን ሞዴል ሠርታ ነበር፤ ከተጠቀመችባቸው ነገሮች መካከል የብስክሌት መሪ ፕላስቲክ እጀታ ይገኝበታል። ኤፕሪል 16 ቀን 1958 በ37 ዓመቷ አረፈች። ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው በማግስቱ ነው።

የፖሊዮውን ሥራ ባልደረቦቿ አሮን ክሉግና ጆን ፊንች ቀጠሉበት፤ በ1959 ሲያሳትሙትም መታሰቢያነቱን ለእሷ አደረጉ። ክሉግ በ1982 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል።